ባሕር የለንም ብለን የምንሠራቸው ስህተቶች

የምኖረው አቃቂ፣ ከወንዙ ብዙም ሳልርቅ ነው። ክረምት ሲወጣ የወንዙ ዳር ቁጥቋጦ ሁሉ ፌስታል ለብሶ ይታያል። ጎርፉ የት ድረስ እንደወጣ የምናውቀው ፌስታሉ ከተንጠለጠለበት ከፍታ ነው። ስለዚህ ነገር ከጎረቤት ጋር ባወራን ቁጥር የምሰማቸው የተሳሳቱ ሐሳቦች አሉ። አንዳንዶቹን እኔም አምንባቸው ነበር።

"እኛ ባሕር የለንም፤ የውቅያኖስ ፕላስቲክ ምን አገባን?"

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ውሃችን የት እንደሚሄድ እንከተለው። ከእንጦጦ ወዲያ፣ በሱሉልታ በኩል የሚወርደው ወደ ሙገር፣ ከዚያም ወደ ዓባይ ይገባል። የዓባይ መጨረሻ የሜዲትራኒያን ባሕር ነው። ከእንጦጦ ወዲህ ያለው ደግሞ በትልቁና በትንሹ አቃቂ አድርጎ አባ ሳሙኤል ግድብ ይደርሳል፤ ከዚያ አዋሽን ይቀላቀላል። አዋሽ ግን ባሕር አያይም። አፋርን አቋርጦ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል።

ይህ ሊያሳስበን እንጂ ሊያጽናናን አይገባም። እኛ አቃቂ ውስጥ የጣልነውን ወስዶ የሚገላግለን ውቅያኖስ የለም። ግድቡ ደለል ውስጥ፣ በወንዙ ውሃ ቆስጣና ሰላጣ በሚለማበት ማሳ ላይ፣ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። ወደ ባሕር መውጫ የሌለውን ዝዋይን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት ከሐይቁ ተይዘው ከተመረመሩት ዓሦች 35 በመቶ በሚሆኑት ሆድ ዕቃ ውስጥ ፕላስቲክ አግኝቷል።

"ቆይቶ መበስበሱ አይቀርም"

አይበሰብስም፤ ይደቃል። አጥር ላይ የተወጠረ ማዳበሪያ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አንድ ሁለት በጋ ፀሐይ ከመታው በኋላ ስትነኩት እጃችሁ ላይ ይበጣጠሳል። ክሩ ይረግፋል፤ ነፋስ ይወስደዋል። ጠፋ እንላለን። አልጠፋም፣ ዓይናችን አላየውም እንጂ። መጠኑ ከ5 ሚሊ ሜትር ሲያንስ ማይክሮፕላስቲክ የሚባለው ይሄው ነው።

ባሕር ላይም ፀሐይና ማዕበል የሚሠሩት ይህንኑ ነው። በዓይን የማይታዩ የባሕር እንስሳት ምግብ መስሏቸው ይውጡታል። እነሱን ትንሽ ዓሣ፣ ትንሹን ዓሣ ትልቁ ይበላል። ሆዱ በማይፈጭ ነገር የተሞላ እንስሳ የሚበላው ያንሳል፤ እድገቱም ይቀንሳል። ፓስፊክ ውቅያኖስ ሥር ወደ 11 ኪሎ ሜትር የሚጠልቀው የማሪያና ጉድጓድ ውስጥ ከሚኖሩ ፍጥረታት ሆድ እንኳ ፕላስቲክ ተገኝቷል። የባሕር ኤሊ ፌስታል ውጣ ትሞታለች ሲባል ለሚገረም፣ ከእኛው በሬ ጨጓራ ለቅርጫ ስናርድ የወጣውን ድቡልቡል የፌስታል ቋጠሮ ባሳየሁት እወድ ነበር። እንስሳው ይለያያል እንጂ ነገሩ አንድ ነው።

"በመርከብ ሄዶ መልቀም ነዋ!"

በሃዋይና በካሊፎርኒያ መካከል ያለውን የቆሻሻ ክምችት ብዙ ሰው ሰው የሚራመድበት ደሴት አድርጎ ያስበዋል። አብዛኛው ቅንጣት ግን ሰፊ ውሃ ላይ የተበተነ ጥቃቅን ነገር ነው። ያንን የሚይዝ ወንፊት ዓሣ የሚመገባቸውንም ጥቃቅን ፍጥረታት አብሮ ያወጣል። ስለዚህ መልቀም የሚቻለው ሳይደቅ፣ ገና ሙሉ ፌስታል ሳለ ነው።

"ከፌስታልና ከሃይላንድ ነው የሚመጣው"

ከእነሱ ብቻ አይደለም። ፖሊስተር ሹራብና ብርድ ልብስ በታጠበ ቁጥር ቀጫጭን ክር ይለቃል። የመኪና ጎማም አስፋልት ላይ ይፋቃል፤ ብናኙ በዝናብ ታጥቦ ቦይ ይገባል። ጎማውን መከልከል አንችልም። ልብስ ወንዝ ውስጥ አለማጠብ ግን እንችላለን። ያልቆሸሸውንም በየቀኑ አለመዘፍዘፍ እንችላለን።

"አቃጥዬ ተገላገልኩ"

እባካችሁ ይሄን ተዉት። በተለይ ከሰል በፌስታል ማቀጣጠል። ጭሱ መርዝ ነው፤ መጀመሪያ የሚተነፍሱትም ምድጃው አጠገብ ያሉት እናትና ልጅ ናቸው። ሳይቃጠል የቀረው ቅንጣት ደግሞ አመዱ ውስጥ አለ። አመዱን ጓሮ ስንደፋው ጎመናችን ሥር ደፋነው ማለት ነው።

"ቆራሌው ይወስደዋል"

ጠንካራውን ጀሪካንና ሃይላንዱን ይወስዳል፤ እግዜር ይስጠው። ስስ ፌስታልና የተቀዳደደ ማዳበሪያ ግን ማንም አይገዛም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ከ0.03 ሚሊ ሜትር የሳሳ ፌስታልን ከልክሎ ነበር፤ ስሱ ግን ከዚያም በኋላ ለዓመታት ከሱቅ አልጠፋም። ለዚህኛው መፍትሔው ዘንቢል ይዞ መውጣት ነው። ማዳበሪያውንም ሳይበጣጠስ ከፀሐይ ማንሳት።

"ክረምት ይውጣና እናጸዳለን"

ያኔ ረፍዷል። ዓመቱን ሙሉ ቦይ ውስጥ የተጠራቀመውን ጠርጎ ወንዝ የሚከተው የሰኔ ዝናብ ነው። የእኛ ሰፈር ሰው ዘንድሮ ቦዩን በግንቦት ጠረገ። የወጣውን ወንዝ ዳር አልከመርነውም፤ ጋሪ ተከራይተን ገንዳ ድረስ ወሰድነው።