በክረምት በስሜን ተራሮች ሲጓዙ ከናዳ ስለ መጠንቀቅ

በክረምት ከጎንደር ተነስቶ በደባርቅ በኩል ወደ ስሜን የሚወጣ መንገደኛ ብዙውን ጊዜ የሚያስጨንቀው ብርዱና ጭቃው ነው፤ ይበልጥ ሊያሳስበው የሚገባው ግን ከራሱ በላይ ያለው ተዳፋት ነው። የስሜን ተራሮች በጥንት እሳተ ገሞራ ፍሳሽ ተደራርበው የተሠሩ በመሆናቸው በጠንካራው ጥቁር ድንጋይ መካከል ልል ንብርብር አለ፤ ዝናቡ በስንጥቁ ሰርጎ ይህን ንብርብር ሲያርሰው በላዩ የተጫነው አፈርና ድንጋይ የሚይዘው ያጣል። ስለዚህ ናዳ የግድ ዶፍ ሲወርድ ብቻ አይመጣም፤ ሰማዩ ጠርቶ ፀሐይ ከወጣችም በኋላ ሊመጣ ይችላል።

በመሆኑም የዕለቱን ሰማይ ከማየት በፊት ያለፉትን ቀናት ዝናብ ማጠያየቅ ይገባል። ደባርቅ ላይ አስጎብኚና ስካውት (መንገደኛን የሚያጅብ የፓርኩ ታጣቂ ጠባቂ) ሲይዙ «መንገዱ ደህና ነው?» ብሎ መጠየቅ እምብዛም አይጠቅምም፤ መልሱ መቼም «ደህና ነው» ነው። ይልቁንስ ዝናቡ ስንት ቀን ሳያባራ እንደሰነበተና ባለ በቅሎዎቹ ትናንት በየት በኩል እንዳለፉ ይጠይቁ፤ ባለ በቅሎ የለመደውን መንገድ በከንቱ አይቀይርም። ከሰዓት በኋላ ዝናብ ስለሚበረታ ማልደው ይነሱ።

በመንገድ ላይ ያዘነበለ ዛፍ፣ በድንገት የደፈረሰ ወይም የነጠፈ ምንጭ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከመንገዱ በላይ በጓሳው መካከል የተከፈተ ስንጥቅ ካዩ ይቁሙ። ጎንበስ ብለው ሲመለከቱት ጠርዙ ስል፣ የውስጡ አፈር እርጥብ፣ የሣሩ ሥርም ከዳር እስከ ዳር ተወጥሮ ከታየ ስንጥቁ ትኩስ ነውና በሌላ በኩል ይዙሩ። ጠርዙ ተሸርሽሮ ሣር ከበቀለበት የቆየ ነው፤ ቢሆንም ከብዙ ቀን ዝናብ በኋላ እርሱንም አለማመን ይሻላል።

ማለፍ ግድ ከሆነ አንድ በአንድ ይለፉ፤ አንድ ሰው ላዩን በሚያይበት ስፍራ ቆሞ ይጠብቅ። መሐል ላይ ጭነት ማስተካከልም ሆነ ፎቶ ማንሳት አይገባም። ድንጋይ ሲንኮታኮት ከሰሙ ወደ ታች ሳይሆን ወደ ጎን ይሽሹ።

ጨነቅ ከተባለው የድንኳን ሰፈር ወደ ራስ ዳሽን የሚሄድ ሰው የመሸሃን ወንዝ መሻገር አለበት። ሙላት ካለ እስኪጎድል መጠበቅ ነው። ይሁን እንጂ እየዘነበ ውሃው በድንገት ቢቀንስ ደስ አይበልዎት፤ ናዳ ከላይ ገድቦት ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ከወንዙ ርቀው ከፍ ወዳለ ቦታ ይውጡ። ድንኳንም በፈፋ አፍ ወይም ድንጋይ በተከመረበት ተዳፋት ግርጌ አይተከልም። ጨነቅ ከጎንደር 1,500 ሜትር ያህል ከፍ ስለሚል በ10 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛልና ደረቅ ቅያሪ ልብስ በፕላስቲክ ጠቅልሎ መያዝ ያስፈልጋል።

ሰው በናዳ ቢያዝ ቀድሞ መሮጥ የሁላችንም ጠባይ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን የተቀበሩትን ለማውጣት የተሰበሰቡ በርካታ ሰዎች ያለቁት ግን ተከትሎ በመጣው ናዳ ነው። ስለሆነም መጀመሪያ ተዳፋቱን የሚጠብቅና ድምፅ የሚያሰማ ሰው ያቁሙ፤ ሰውየው መጨረሻ የታየበትን ቦታ ምልክት ያድርጉ፤ ከዚያ በጥቂት ሰዎች፣ መሸሻውን አስቀድመው ለይተው፣ መቆፈር ይጀምሩ።