ትሪኒዳድ ሄዳችሁ አሪማ ስትገቡ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

የካሪቢያኗ ደሴት ትሪኒዳድ ስትነሣ የብዙ ሰው ሐሳብ ወደ ካርኒቫልና ወደ ባሕር ዳርቻ ይሮጣል። አሪማ ባሕር የላትም። ከዋና ከተማዋ ከፖርት ኦፍ ስፔን በስተምሥራቅ፣ ከሰሜኑ ተራራ ግርጌ ያለች የገበያ ከተማ ናት። አውሮፓውያን ከመምጣታቸው በፊት በደሴቲቱ ይኖሩ የነበሩት ሕዝቦች ልጆች ግን ዛሬም ማኅበረሰብ ሆነው የሚኖሩት እዚህ ነው። አጠገባቸው አልፎ ሳያያቸው የሚመለስ ጎብኚ ሞልቷል።

1. "እነሱማ አልቀዋል" ብሎ መሄድ

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። በጦርነት፣ በበሽታና በግዳጅ ሥራ የሞቱት እጅግ ብዙ መሆናቸው እውነት ነው። ሁሉም ግን አላለቁም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ካፑቺን የሚባሉት የካቶሊክ መነኮሳት አሪማ ላይ ሚሲዮን ከፈቱ። ከሌሎች መንደሮች የተነሡ ነባር ሰዎችም እዚያው ተሰባሰቡ። ከዚያ ከአፍሪካ፣ ከህንድ፣ ከአውሮፓና ከቬኔዝዌላ ከመጣው ሰው ጋር ተጋቡ፣ ተዋለዱ።

ስለዚህ ላባ የሰካ ሰው ፍለጋ ከተማውን አትዙሩ። የተሳፈራችሁበት ታክሲ ሹፌር ከእነሱ አንዱ ሊሆን ይችላል። "ንጹሕ ዘር ነህ ወይስ ድብልቅ?" ብሎ መጠየቅ ደግሞ እኛም አገር ሆነ እነሱ አገር ነውር ነው። የሳንታ ሮዛ (የቅድስት ሮዛ) ነባር ሕዝቦች ማኅበረሰብ የራሱ አለቃና የራሱ ንግሥት አለው። ንግሥቷ የምትመረጠው ከማኅበረሰቡ ሴቶች መካከል ሲሆን፣ በሳንታ ሮዛ በዓል ላይ ትልቅ ቦታ አላት።

2. ወሩን አለማየት

አሪማ በአዘቦት ቀን ከደረሳችሁ የምታዩት ገበያ፣ የመኪና ጥሩምባና ዳያል የሚባለውን የከተማውን ሰዓት ነው። ሰዓቱን እ.ኤ.አ. በ1898 ለከተማው የሰጡት የጊዜው ከንቲባ ናቸው። ደስ ይላል፤ ግን ለእሱ ብሎ ውቅያኖስ የሚሻገር የለም።

ኦገስት ላይ ሂዱ። ኦገስት 1 ማለዳ ካልቨሪ በሚባለው ኮረብታ ላይ መድፍ ይተኮስና የሳንታ ሮዛ በዓል መቃረቡ ይታወጃል። ትልቁ ቅዳሴ ከኦገስት 23 ቀጥሎ ባለው እሑድ ነው። የቅድስት ሮዛ ሐውልት በአበባ አጊጦ ሕዝቡ እየተከተለው ጎዳናውን ይዞራል። ንግሥ ያየ ሐበሻ ድባቡ አይጠፋበትም።

ኦገስት ካለፈባችሁ ኦክቶበር አለ። ኦክቶበር 14 ነባሮቹ የሚታሰቡበት ቀን ነው። ሃያሪማ የሚባለው የነባሮቹ አለቃ እ.ኤ.አ. በ1637 ከደቾች ጋር አብሮ የስፔኖችን ከተማ ሳን ሆሴን ያጠቃው በዚሁ ወር ነው። ሐውልቱ አሪማ ውስጥ ቆሟል።

3. "ቤተ ክርስቲያኑ የስፔኖች ነው" ብሎ ማለፍ

ሚሲዮኑን ያመጡት ስፔኖች ናቸው፤ ልክ ነው። ግን በዓሉን ለትውልድ ያቆዩት፣ ቤተ ክርስቲያኑንም የሚያስጌጡት ነባሮቹ ናቸው። ያው ማኅበረሰብ ቅዳሴም ያስቀድሳል፤ ዕጣን የሚጨስበት የአያቶቹ ሥርዓትም አለው። "የትኛው ነው እውነተኛው?" ብላችሁ አታፋጥጧቸው። በጭሱ ሥርዓት ላይ ደግሞ ሳትጠይቁ ስልካችሁን አታውጡ።

4. ካሳቫውን እንደ ተራ ቂጣ መቁጠር

እኔ በበኩሌ ከሐውልቱም ከሰዓቱም በፊት ወደዚህ ነው የምልካችሁ። ካሳቫ ሥሩ የሚበላ ተክል ነው፤ መራራው ዓይነት በጥሬው ሳያናይድ የሚፈጥር መርዝ አለው። ስለዚህ ይላጣል፣ ይፈቀፈቃል፤ ከዚያ ከሸምበቆ መሰል ተክል በተሠራ ቱቦ መሰል ረጅም ወንፊት ውስጥ ይጠቀጠቃል። ወንፊቱ ሲሳብ ይጠብና መርዛማውን ውሃ ያወጣል። የቀረው ተነፍቶ በጋለ ምጣድ ላይ ይጋገራል። ቂጣው ደረቅ ነው፤ ብቻውን ከበላችሁት ጉሮሮ ላይ ይቆማል። ወጥ ነገር ፈልጉለት። ይህን ሁሉ ልፋት አይታችሁ ደግሞ ዋጋ አትከራከሩ።

5. የመንገድና የልብስ ነገር

ፒያርኮ አውሮፕላን ማረፊያ ከዋና ከተማዋ ይልቅ ለአሪማ ይቀርባል። መጀመሪያ ፖርት ኦፍ ስፔን ገብቶ መመለስ ድካም ነው። ዋና ከተማ ካረፋችሁ ግን መኪና አትከራዩ፤ ሲቲ ጌት ከሚባለው መናኸሪያ ቀይ መስመር ያለበት ማክሲ ታክሲ (ሚኒባስ) ያደርሳችኋል።

የወታደር ቀለም ያለው ልብስ ቤት ይቅር። ሲቪል ሰው መልበሱ በሕግ የተከለከለ ነው፤ የልጅ ቦርሳም ቢሆን።

ኢትዮጵያዊ መሆናችሁን ለመናገር አትፈሩ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ኤፕሪል 1966 ጃማይካ ከመግባታቸው በፊት ያረፉት ትሪኒዳድ ነበር። ዕድሜ የጠገበ ሰው ካገኛችሁ ወሬው በዚያ ሊጀመር ይችላል።

6. ከአሪማ ውጭ አለማየት

ፖርት ኦፍ ስፔን ያለው ቀዩ የፓርላማ ሕንፃ እ.ኤ.አ. በ2013 ሲታደስ ከሥሩ የነባሮቹ አጥንት ተገኘ። በ2019 በሥርዓት ተመልሶ ተቀበረ። ማክሲው ወደሚነሣበት መናኸሪያ ስትሄዱ በእግር የሚደረስ ነው፤ ከመሳፈራችሁ በፊት ጎራ በሉ።