በመምህራን ክፍል የመጽሐፍ ዕቁብ እንዴት ይጀመራል?

በመምህራን ማረፊያችን ጥግ ላይ አንድ የብስኩት ካርቶን አለ። ውስጡ መጻሕፍት ናቸው። በእያንዳንዱ መጽሐፍ የኋላ ሽፋን ውስጥ ግማሽ ሉክ ወረቀት ተሸጉጣለች። ወረቀቷ ላይ አንዱ መምህር ለሌላው የጻፈው ምክር አለ። የመጽሐፍ ዕቁብ የምንለው ይህንን ነው። አሁን አምስተኛ ዓመቱን ይዟል። ከዚያ በፊት ግን ሁለት ጊዜ ፈርሷል፤ ሁለቱንም ጊዜ በእኔ ስህተት። እናንተ ትምህርት ቤት ውስጥ ለመጀመር ካሰባችሁ የእኔን መንገድ እንዳትደግሙ ይህን ጻፍኩ።

ሰው መምረጥ

ከአምስት እስከ ስምንት ሰው ይበቃል። መጀመሪያ ማስታወቂያ ለጥፌ ሰላሳ ሰው ተመዘገበ። በወሩ ከጥቂቶች በቀር ማንም አልነበረም። ስለዚህ በስብሰባ አታውጁት። ሻይ ላይ ለአንድ ሁለት ሰው ንገሩና ከእነሱ ጀምሩ።

የቋንቋ መምህራንን ብቻ አትሰብስቡ። የሒሳብ መምህር «ይህን ልብ ወለድ አንብቡ» ሲል ተማሪዎች ቀና ብለው ያዩታል። እኔ የአማርኛ መምህር ነኝ፤ እኔ ስል እንደ ሥራዬ ነው የሚቆጥሩት። ከተቻለ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋም ትግባበት። የትኛው መጽሐፍ እየወጣ እንደሚመለስ፣ የትኛው አቧራ እንደጠጣ የምታውቀው እሷ ናት።

ሌላው፣ በትምህርት ቤቱ ዕቅድ ውስጥ እንዳይገባ ብትለምኑ ይሻላል። ዕቅድ ውስጥ የገባ ነገር ሪፖርት ይጠየቅበታል። ሪፖርት የሚጠየቅበት ንባብ ደግሞ ብዙ ዕድሜ የለውም።

ብሩና ዕጣው

እንደ ማንኛውም ዕቁብ ነው። እኛ ስምንት ነን፣ በወር መቶ መቶ ብር እንጥላለን። ዕጣ የወጣለት ሰው በስምንት መቶው ብር የፈለገውን መጽሐፍ ይገዛል። መጽሐፉ የእሱ ነው፤ ግን ቤቱ ከመውሰዱ በፊት በሁላችንም እጅ ይዞራል። አሮጌ መጽሐፍ የምትገዙ ከሆነ እዚያው ቆማችሁ ገጾቹን ቁጠሩ። አንድ ጊዜ ከመሀል አሥራ ስድስት ገጽ የጎደለው ገዝተን መጨረሻው ጋ ስንደርስ ግራ ገብቶናል።

አዲስ አበባ ያላችሁ ከመግዛታችሁ በፊት ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ) ወይም አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ገብታችሁ ጥቂት ገጽ ማንበብ ትችላላችሁ። በሽፋን ከመፍረድ ያድናል።

ወረቀቷ

ከባዱ ደረጃ ይህ ነው። ሌላውን ሁሉ ብትዘሉ እንኳ ይህን አትዝለሉ።

በመጀመሪያው ዓመት ወረቀት የሚባል ነገር አልነበረንም። ምክር በአፍ ነበር። አንድ ቀን 7ኛ ክፍል የምታስተምር ባልደረባዬ «ለልጆቹ ጮክ ብዬ የማነብላቸው ፈልግልኝ» አለችኝ። ኮሌጅ እያለሁ በጣም የወደድኩትን ልብ ወለድ አወጣሁላት። «ዓይንሽን ጨፍነሽ አንብቢላቸው» አልኳት። አመነችኝ። ስልሳ ሁለት ልጆች ፊት ቆማ በየቀኑ አሥር ደቂቃ ታነብላቸው ጀመር። ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ አንዲት ልጅ የምትደፈርበት ገጽ አለ። ባልደረባዬ ዓረፍተ ነገሩ መሀል ስትደርስ ነው የገባት። ድምፅዋ ተቆረጠ። ከኋላ አንድ ልጅ ሳቀ። ፊት ወንበር ላይ የነበረች ልጅ ግንባሯን ዴስኩ ላይ ደፋች።

ባልደረባዬ መጽሐፉን ይዛ ማረፊያ ክፍል መጣች። ገጹን ገልጣ ፊቴ አስቀመጠችው። «ይህን ገጽ አንብበኸዋል?» አለችኝ። አንብቤዋለሁ፤ ከአሥራ አራት ዓመት በፊት። የዋናው ገጸ ባሕርይ ስም ትዝ ይለኛል፣ መጨረሻውም ትዝ ይለኛል። ያ ገጽ ግን ከአእምሮዬ ጠፍቷል። ያኔ ሃያ ዓመቴ ነበር፤ ሳነበው የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ አጠገቤ አልነበረችም። ዕቁቡ በዚያው ሳምንት ፈረሰ። የዚያችን ልጅ ግንባር ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ከዚያ በኋላ ነው ወረቀቷ የመጣችው። አምስት ነገር ትይዛለች። ለማን ነው? መቼ ነው ያነበብኩት? የትኛው ገጽ ለምን ይሆናል? የትኛው ገጽ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል? የት ላይ ይጎትታል? «መቼ ነው ያነበብኩት» የሚለው ከዓመት በላይ ከሆነ መጽሐፉ እንደገና ካልተነበበ ካርቶኑ ውስጥ አይገባም። በዚህ ላይ ድርድር የለም።

«እጅግ ድንቅ መጽሐፍ ነው፤ ሁሉም ሊያነበው ይገባል» ብላችሁ አትጻፉ። ይህ ለማንም ምንም አይነግርም። እንዲህ ሲሆን ግን መምህር ይጠቀምበታል፦ «ለ6ኛ ክፍል። ጥር ላይ አነበብኩት። ከገጽ 18 እስከ 21 ጮክ ተብሎ ሲነበብ ስምንት ደቂቃ ይወስዳል፤ የገበያ ገለጻው ድርሰት ለማስጻፍ ይሆናል። ገጽ 54 ላይ ልጅ ይገረፋል፣ ቀድማችሁ እዩት። እስከ ገጽ 10 ይጎትታል።» ደቂቃውን በግምት አትጻፉ፤ ጮክ ብላችሁ አንብቡና በሰዓት ያዙት። የአርባ ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ውስጥ የሦስት ደቂቃ ስህተት ብዙ ነው።

«ለማን» የሚለውን ለመሙላት ልጅ ያስፈልጋችኋል። ጎበዙንም ደካማውንም ሳይሆን መካከለኛውን ተማሪ ጥሩ። ከመጽሐፉ መሀል አንድ ገጽ ስጡትና ያንብብ። ያልገባው ቃል ባጋጠመው ቁጥር አንድ ጣት ይጠፍ። ገጹ ሳያልቅ አምስቱም ጣቶች ከታጠፉ መጽሐፉ ብቻውን እንዲያነበው የሚሰጠው አይደለም፤ መምህሩ የሚያነብለት ነው። በተለይ የቆዩ ልብ ወለዶች ላይ ይህን አድርጉ። ለእኛ ቀላል የሆነው «ርስት»፣ «ጉልት»፣ «ጭሰኛ» የከተማ ልጅ ጣት ቶሎ ቶሎ ያሳጥፋል። አፍ መፍቻቸው አማርኛ ያልሆነ ተማሪዎች ካሏችሁ ደግሞ ፈተናውን ለእነሱም ለብቻ አድርጉ።

ለክፍልና ለራስ

ሁለቱን አታደባልቁ። እኛ የክፍሉን ወረቀት በቀይ፣ የራስን በሰማያዊ እስክሪብቶ እንጽፋለን። የሰማያዊው አጭር ናት። ምን እንደሚያስተምር አይጻፍባትም። የት ሆናችሁ እንዳነበባችሁት፣ የትኛው ገጽ ላይ ሻያችሁ እንደቀዘቀዘ ጻፉ። ማታ ስልሳ ደብተር አርሞ የጨረሰ ሰው ስለ ጭብጥ መስማት አይፈልግም። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው እኔ የአጭር ልብ ወለድ መድበል እመርጣለሁ፤ አንዱን ታሪክ ጨርሶ ይተኛል።

ሁለተኛው ጊዜ የፈረሰው እዚህ ላይ ነው። መጽሐፍ የሰጠሁትን ሰው ኮሪደር ላይ ባገኘሁት ቁጥር «ጨረስከው?» እል ነበር። ሰዎቹ እኔን ሲያዩ መንገድ መቀየር ጀመሩ። አሁን ሕጋችን ግልጽ ነው። ሰላሳ ገጽ አንብቦ ያልጣመው ሰው ምክንያት ሳይሰጥ ይመልሳል። ማንም አይጠይቀውም።

ሁለት ደቂቃ

ዓርብ ዕረፍት ላይ አንድ ሰው አንድ መጽሐፍ ያስተዋውቃል። ታሪኩን አይተርክም፤ አንድ ገጽ ያነባል። የመጀመሪያውን ገጽ ሳይሆን ሰው የሚነጋገርበትን ገጽ ምረጡ። ሰዎቹ «ከዚያስ?» ሊሉ ሲሉ አቁሙ።

መጽሐፍ ለአንድ ሰው ሦስት ሳምንት ነው፤ በደብተር ይመዝገብ፣ በላስቲክ ይሸፈን።

የቴሌግራም ግሩፕ ለማስታወሻ ጥሩ ነው። መጽሐፍ ስካን አድርጎ መላላኪያ ግን አታድርጉት። ደራሲው የደከመበትን ነገር እኛ መምህራን በነፃ ስንበትነው ተማሪው ከእኛ ምን ይማራል? አዋጅ ቁጥር 410/1996ም የቅጂ መብትን ይጠብቃል። ለታናናሾቹ ክፍሎች በነፃ የሚወርድ ከፈለጋችሁ አፍሪካን ስቶሪቡክ የሚባለው ድረ ገጽ አማርኛን ጨምሮ በብዙ የአፍሪካ ቋንቋዎች ተረቶች አሉት፤ አትሞ ማከፋፈልም ይፈቅዳል።

ወደ ተማሪው ማድረስ

ወፍራም መጽሐፍ ሙሉውን አትስጡ። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ለ8ኛ ክፍል ልጅ ብትሰጡት ውፍረቱን አይቶ ያስቀምጠዋል። እኔ መጀመሪያ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ከተረከው ጥቂት ደቂቃ በስልኬ አሰማቸዋለሁ። ፊታውራሪ መሸሻ ሲቆጡ ክፍሉ ጸጥ ይላል። ከዚያ ያንኑ ቦታ ከመጽሐፉ አውጥቼ አሳያቸዋለሁ። ባለፈው ዓመት ከአንድ ክፍል አራት ልጆች ሙሉውን አንብበውታል፤ አንዷ ሁለት ጊዜ። ሚኒ ሚዲያ ካላችሁ ጠዋት ከሰልፍ በኋላ አንድ አንቀጽ በተማሪ ድምፅ ይነበብ፤ የመጽሐፉ ስም መጨረሻ ላይ ይነገር።

ወረቀቷን ከመጽሐፉ አታውጡ። እኔ መጀመሪያ ልጆቹ ጋ ሲሄድ አወጣት ነበር። አንድ ጊዜ ረስቻት አብራ ሄደች። መጽሐፉ በሦስተኛው ሳምንት ሲመለስ እኔ «እስከ ገጽ 30 ይጎትታል» ብዬ ከጻፍኩት ሥር በእርሳስ፣ በጥቃቅን ፊደል አንድ መስመር ተጨምሮ አገኘሁ፦ «ቲቸር፣ ለእኔ አልጎተተም። ገጽ 22 ላይ ያለችው አያት የእኔን አያት ትመስላለች።» ገጽ 22ን ገልጬ እንደገና አነበብኩት። ከዚያ ወዲህ የወረቀቷን ጀርባ ለተማሪዎች ባዶ እንተወዋለን።