የዘር ድንች ሲመረጥ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ከሐረማያ፣ ከኮምቦልቻና ከቁሉቢ አካባቢ ማሳዎች የሚወጣው ድንች የሐረርንና የድሬዳዋን ገበያ ይመግባል፤ አልፎም ወደ ጅቡቲና ወደ ሐርጌሳ ይጫናል። ገበያው ይህን ያህል ቅርብ ሆኖ ሳለ ብዙ አምራች የሚከስረው፣ በእኔ እምነት፣ ገና ከመነሻው በተከለው ዘር ምክንያት ነው። የሚተከለው ራሱ ድንቹ ስለሆነ እናት ተክሏ የያዘችው በሽታ ሁሉ አብሮት ወደ አዲሱ ማሳ ይሻገራል።

የመጀመሪያውና ከባዱ ስህተት ለምግብ የቀረበውን ድንች በዋጋው ርካሽነት ብቻ ከገበያ ገዝቶ መትከል ነው። የባክቴሪያ አጠውልግ በሽታ በቀዝቃዛ ደጋ በበቀለ ድንች ውስጥ ምንም ምልክት ሳያሳይ ሊደበቅ ይችላል፤ ያው ድንች ሞቅ ወዳለ ቦታ ወርዶ ሲተከል ግን ተክሉ እርጥበት እያለው ጠውልጎ ይሞታል። አንድ ጊዜ አፈር ውስጥ ከገባ በኋላ በርጭት የሚያድን መድኃኒት የለውም። ስለዚህ ዘር መገዛት ያለበት ማሳው ቆሞ ሳለ ታይቶ ነው። የጠወለገ ተክል ከተገኘ ግንዱን ከሥሩ አጠገብ ቆርጦ በንጹሕ ውኃ በተሞላ ብርጭቆ ውስጥ ማንጠልጠል ነው፤ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ወተት የመሰለ ክር ወደ ታች ከወረደ የዚያ ማሳ ምርት ለዘር አይሆንም። ድንቹ ተቆርጦ ቡናማ ቀለበት ካሳየ ወይም ዓይኖቹ ላይ አፈር በፈሳሽ ከተጣበቀም እንደዚሁ ነው።

ሁለተኛው ስህተት ትልልቁን ሸጦ የተረፈውን ጥቃቅን ለዘር ማስቀረት ነው። ክሽክሽ የተባለችው ቅጠል መጣጭ ተባይ የምታስተላልፋቸው ቫይረሶች የያዙት ተክል የሚያፈራው በአብዛኛው ትንንሽ ድንች ስለሆነ፣ ጥቃቅኑን ለይቶ የሚያስቀምጥ አምራች ሳያውቀው የታመሙትን እየመረጠ ያባዛል፤ ምርቱም ከወቅት ወቅት እየቀነሰ ይሄዳል። መፍትሔው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፦ ተክሉ ማበብ ሲጀምር ቅጠላቸው ያልተጠቀለለና ያልተዥጎረጎረ፣ ቁመታቸው ያማረ ተክሎችን በችካል ምልክት ማድረግ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና አይቶ የታመሙትን ችካል መንቀል፣ በመጨረሻም ምልክት የተደረገባቸውን ለብቻ ቆፍሮ የዶሮ እንቁላል የሚያህለውን መጠን ለዘር ማስቀመጥ ነው።

ያላጎነቆለ ወይም በጨለማ ክፍል ውስጥ ነጭና ረጃጅም ጎንቆል ያወጣ ድንች መትከልም ሌላው ስህተት ነው። የመጀመሪያው ዘግይቶና ተበታትኖ ይበቅላል፤ የሁለተኛው ጎንቆል ሲጓጓዝ ይሰበራል። አየርና ለስለስ ያለ ብርሃን በሚያገኝ መደርደሪያ ላይ በስሱ የተዘረጋ ዘር አጭር፣ ወፍራምና አረንጓዴ ጎንቆል ያወጣል። የድንቹ ልጣጭ አረንጓዴ መሆን ለዘር ጉዳት የለውም፤ ለመብል ግን አይሆንም።

ዘሩን ለማብቃቃት መቆራረጥን አልመክርም። በ75 በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ለአንድ ሄክታር 20 ኩንታል ገደማ ስለሚያስፈልግ ፈተናው ይገባኛል፤ ሆኖም ከታመመው ወደ ጤናማው አጠውልግን የሚያሸጋግረው ያው ቢላዋ ነው።

ዝርያን በሚመለከት የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ያወጣቸው ጭሮ፣ ባዳሳና ዘመን የተሰኙት ለምሥራቁ ደጋ የሚታወቁ አማራጮች ናቸው። በምች፣ ማለትም እርጥበት ሲበዛ የድንቹን ቅጠል በሚያጠቁረው በሽታ፣ ክፉኛ የሚጠቃ ዝርያን ለክረምት መምረጥ አይገባም። የድሬዳዋን ቆላ ለሚያስብ አምራች ግን ችግሩ ዝርያ ብቻ አይደለም፤ ሌሊቱ ሲሞቅ ተክሉ ቅጠል ያበዛል እንጂ ከሥሩ ድንች አይሞላም።

በመጨረሻም ንጹሕ ዘር ተገኘ ብሎ መሬቱን አለመጠየቅ ስህተት ነው። ቲማቲም፣ ቃሪያ ወይም ድንች በቅርቡ በአጠውልግ ያለቀበት ማሳ ዘሩን በአንድ ወቅት ይበክለዋል፤ መሬት የሚከራይ ሰውም ከመዋዋሉ በፊት ያለፉትን ወቅቶች አዝመራ ከጎረቤት ገበሬዎች ጭምር ማጣራት፣ እነዚህ ከነበሩበትም ለጥቂት ወቅቶች በቆሎ ወይም ማሽላ መዝራት ይኖርበታል።