ቤንዛማይድና አዮዶቤንዚን በውሃ ውስጥ አልጣመር ሲሉ

ሁለቱን በመዳብ ቀስቃሽነት አጣምሮ ቤንዛኒላይድ ለማግኘት ሐዋሳ ላይ በክፍት ሪፍለክስ (እንፋሎቱ ቀዝቅዞ እየተመለሰ) ሲፈላ ያደረው ድብልቅ ጠዋት ቲኤልሲ (ድብልቅን ለይቶ የሚያሳይ ቀጭን ሳህን) ላይ ያው አዮዶቤንዚን ነበር፤ ውሃውም ሰማያዊ ሆኗል።

ከተማዋ ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ በ95 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የዘይት መታጠቢያው 130 ቢያሳይም ፍላስኩ ውስጥ ያለው ከ95 አያልፍም። ሰማያዊው ደግሞ አየር ገብቶ ባለ +1 መዳብን ወደ +2 እንደለወጠው ይናገራል።

የሠራው ይኸው ነው። ግድግዳው ወፍራም በሆነ ባለጥርስ ክዳን ቱቦ ውስጥ ቤንዛማይድ 121 ሚ.ግ፣ ኮፐር አዮዳይድ (ባለ +1 መዳቡ) 19 ሚ.ግ፣ ትራይፖታሲየም ፎስፌት (ቤዙ) 425 ሚ.ግ። ናይትሮጅን 20 ደቂቃ የተነፋበት የተጣራ ውሃ 2 ሚ.ሊ፣ አዮዶቤንዚን 0.13 ሚ.ሊ፣ በመጨረሻ ዲኤምኢዲኤ (መዳቡን የሚይዝ ዳይአሚን) 22 ማይክሮሊትር። ከግማሽ በላይ አይሞላ፤ በጋሻ ጀርባ በ120 ዲግሪ 24 ሰዓት፤ ሳይበርድ ክዳኑ አይነካ።

ማማሰሉን አትናቁት፦ አዮዶቤንዚን ከውሃ ስለሚከብድ ታች ተኝቶ ይቀራል፤ ማግኔቱ ጠብታውን መበተን አለበት። በፎስፌቱ ፈንታ ኮስቲክ ሶዳ መጠቀም ቁጠባ ይመስላል፤ ግን ቤንዛማይዱን ወደ ቤንዞዌት ይሰብራል፣ ፌኖልም ያመጣል።

በኤቲል አሲቴት ካወጣችሁ በኋላ የመዳቡ ሰማያዊ ቀለም እስኪጠፋ በቀጭን አሞኒያ እጠቡ። ንጹሕ ቤንዛኒላይድ በ163 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል።