መድኃኒቱን አቆምኩ፤ ኪሎዬ ግን አልወረደም

«ሲስተር፣ ክኒኑን ካቆምኩ አምስት ወር አለፈኝ። ሱሪዬ ግን አሁንም አይቆለፍም።»

የአእምሮ ሕክምና ተመላላሽ ክፍል ውስጥ የምሠራ ነርስ ነኝ። ይህን ሳልሰማ የማልፈው ሳምንት የለም። አንዳንዴ የሚጠይቀኝ ወጣት ነው፤ ቀበቶው ጫፍ ላይ በሚስማር የተበሱ ሦስት አዳዲስ ቀዳዳዎች ያሉት። አንዳንዴ እናት ናት፤ የሐበሻ ቀሚሷን ሁለት ጊዜ ልብስ ሰፊ ጋ ወስዳ ያሰፋች። ሁለቱም የሚያስቡት አንድ ነው። ኪሎውን ያመጣው መድኃኒቱ ነው፤ መድኃኒቱ ሲቆም ኪሎውም ተከትሎት መሄድ አለበት።

እንደዛ ቢሆን ደስ ባለኝ። ለአንዳንዱ ጥቂት ይወርዳል። ለሌላው እዛው ይቆማል። ጭራሽ የሚጨምርም አለ። ምክንያቱ ከሰው ሰው ይለያያል። ስለዚህ ራት ከመተዋችሁና ጂም ከመመዝገባችሁ በፊት የእናንተ የትኛው እንደሆነ ለዩ። ንዑስ ርዕሶቹን የጻፍኳቸው ሰዎች ክፍላችን ገብተው በሚናገሩት አባባል ነው።

መጀመሪያ፦ ያቆማችሁት በማን ምክር ነው?

ከሐኪም ጋር ተነጋግራችሁ፣ መጠኑ ቀስ በቀስ እየቀነሰ የቆመ ከሆነ ወደሚቀጥለው እለፉ። በራሳችሁ ከሆነ ግን የኪሎው ጉዳይ ትንሽ ይቆይ። መጀመሪያ ሐኪማችሁን አግኙ።

አልቆጣችሁም። በኪሎ የተነሳ ክኒን የሚያቆም ሰው ብዙ አይቻለሁ። ሠርግ ላይ አንድ ዘመድ «ምነው እንዲህ ሆንሽ?» ሲል ምን ያህል እንደሚያም አውቃለሁ። ነገር ግን በድንገት ማቆም እንቅልፍ ያሳጣል፣ ያቅለሸልሻል፣ ያዞራል፣ ሕመሙንም ሊመልሰው ይችላል። የሚመለሰው ደግሞ ሁሌ በማግስቱ አይደለም። ወራት ቆይቶ የሚመጣ አለ። «ይኸው አቁሜ ምንም አልሆንኩም» የሚለኝ ሰው የሚያሳስበኝ ለዚህ ነው።

ሁለት ሦስት ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ካላችሁ፣ ሰው ሁሉ ስለኔ ያወራል ወይም ይከታተለኛል ማለት ከጀመራችሁ፣ ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣባችሁ ቀጠሮ አትጠብቁ። በዚያው ቀን ሂዱ። ብቻችሁን አትሂዱ፤ የምታምኑትን ሰው ይዛችሁ ሂዱ።

ለጸበል ብላችሁ ያቆማችሁም አላችሁ። ክኒን እየዋጡ መጠመቅ ይቻላል። አንዱ ሌላውን አያስቀርም።

ለሐኪም «ኪሎ ጨመርኩ» ብሎ መናገር ደግሞ ቅንጦት አይደለም። መድኃኒት ሊቀየር ይችላል። ኦላንዛፒንና ክሎዛፒን በጣም ከሚያወፍሩት ናቸው። ሃሎፔሪዶልና አሪፒፕራዞል በዚህ በኩል ይሻላሉ። ሐኪሙ ካመነበት ሜትፎርሚን የሚጨምርበት ጊዜም አለ። ሜትፎርሚን የስኳር በሽታ መድኃኒት ነው፤ በአእምሮ መድኃኒት የሚመጣን ውፍረት ለመግታትም ይታዘዛል። ከጎረቤት ተውሰው የሚወስዱት ግን አይደለም።

«አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም፤ እዛው ነኝ»

ምክንያቱ፦ መድኃኒቱ ወጥቷል፣ ሳህኑ ግን አልተቀየረም።

መድኃኒቱ ራሱ ስብ ሆኖ ሰውነት ውስጥ አይቀመጥም። ኦላንዛፒን፣ ክሎርፕሮማዚን፣ አሚትሪፕቲሊንና ሚርታዛፒን አንጎል ላይ ሂስታሚን የሚባለውን ኬሚካል ሥራ ይዘጋሉ። ያኔ «ጠገብኩ» የሚለው መልእክት ይዳከማል፤ እንቅልፍ እንቅልፍም ይላል። ሰውየው በልቶ በተነሳ በሰዓቱ ተመልሶ ድስት ይከፍታል። አንድ ዓመት ሁለት ዓመት እንዲህ ሲኬድ ሁለት እንጀራ ልክ ሆኖ ቁጭ ይላል። ክኒኑ ሲቆም ረሃቡ ይቀንሳል፤ እጅ ግን የለመደውን ይቆርሳል። ሰውነትም አንዴ ያጠራቀመውን ስብ በቀላሉ አይለቅም። ስትቀንሱበት ረሃብ እየጨመረ ይሟገታችኋል።

የቤቱም ነገር አለ። ይኸኛው ላይ ትንሽ ልቆይ።

ቀበቶውን በሚስማር ስለበሳው ልጅ ልንገራችሁ። ማንነቱ እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ። ታሞ በነበረ ጊዜ ምግቡ ውስጥ መርዝ የተጨመረ ይመስለው ነበር። እናቱ ዓይኑ እያየ ቀምሰውለት እንኳ አይነካም። ራሱ የላጠውን ሙዝና ራሱ የከፈተውን ብስኩት ብቻ ነበር የሚበላው። መድኃኒት ጀምሮ ትንሽ ሲቆይ አንድ ማታ «እማ፣ ራበኝ» አላቸው። እናቱ ይህን ሲነግሩኝ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በሳቸው ቤት «ራበኝ» ማለት «ዳንኩ» ማለት ሆነ።

አሁን ክኒኑ ቀስ በቀስ ቆሞለታል። ልጁ ቶሎ ይጠግባል። «በቃኝ» ሲል ግን የእናቱ ፊት ይለወጣል። ሕመሙ የተመለሰ ይመስላቸዋል። «በሞቴ፣ አንዴ ብቻ» ይላሉ። እሱም እናቱ እንዳይደነግጡ ብሎ ይበላል።

እንዲህ ባለ ቤት ካሎሪ ቆጠራ ምንም አይፈይድም። መፍትሄው እናትየውን አስገብቶ ማነጋገር ነበር። «እናቴ፣ በቃኝ ማለቱ ሕመም አይደለም። የጥጋብ ስሜቱ እየተመለሰለት ነው» አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉ። «ታዲያ ካልበላልኝ ደህና መሆኑን በምን አውቃለሁ?» አሉኝ። ይህ ጥያቄ እስከዛሬ ከልቤ አልወጣም። እንቅልፉን ይዩ፣ ከሰው ጋር ማውራቱን ይዩ፣ ያቀረቡለትን ሳይጠራጠር መቁረሱን ይዩ፤ ብዛቱን ይተዉት አልኳቸው።

ከዚያ ቀላል ነገር ላይ ተስማማን። ለጊዜው ከትሪ ላይ ሳይሆን በራሱ ሳህን ይበላል። መጠኑ የሚታወቀው ያኔ ነው። አንድ እንጀራ፣ ከሳህኑ ግማሹ ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ ካሮት ወይም ሰላጣ። ሁለተኛ እንጀራ ካሰኘው 20 ደቂቃ ይቆያል፤ ከዚያ በኋላም ከራበው ይበላል። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ቢባልም በአንድ ጉርሻ ተስማሙ።

ዘይቱንም ተዉ አላልኳቸውም። ከጀሪካኑ በቀጥታ ከመጨመር በማንኪያ ለክተው ይጨምሩ አልኳቸው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወደ 120 ካሎሪ አለው። ወጥ ሲሠራ ሳይታወቅ አምስትና ስድስት ማንኪያ ይገባል።

የሚጠጣውንም እዩ። ከነዚህ መድኃኒቶች ብዙዎቹ አፍ ያደርቃሉ። ሰው ያኔ ለስላሳ ይለምድና መድኃኒቱ ሲቆምም ይቀጥላል። አንድ 300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ለስላሳ ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለው። በቀን አራት ብርጭቆ ሻይ በሦስት ሦስት ማንኪያ ስኳር የሚጠጣ ሰው 12 ማንኪያ ስኳር ወሰደ ማለት ነው። በየሳምንቱ ከየብርጭቆው ግማሽ ማንኪያ ቀንሱ። ምላስ ይለምዳል።

«ጭራሽ ካቆምኩ በኋላ ነው የወፈርኩት»

እዚህ ላይ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ አንድ በአንድ ራሳችሁን ጠይቁ።

ጫትም አብራችሁ አቁማችኋል? ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። ለዓመታት ምሳ ሳይበላ የቃመ ሰው ሲተው ረሃቡ ተመልሶ ይመጣል። ይህ ጤነኛ ረሃብ ነው። የሚያስቸግረው ሰዓቱ ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ያለው ጊዜ ባዶ ይሆናል፤ እጅም አፍም የሚይዘው ይፈልጋል። ያን ጊዜ ለውዝ፣ ቆሎ፣ ኬክ፣ ስኳር የበዛበት ሻይ ይገባል። ምሳን በሰዓቱ ጥግብ ብላችሁ ብሉ። ያን ሰዓት ቤት ውስጥ አታሳልፉት፤ ከተቻለ ከማይቅም ጓደኛ ጋር ሁኑ። ኪሎ ለመቀነስ ብላችሁ ወደ ጫት እንዳትመለሱ አደራ። ሕመሙን ሊያስነሳ ይችላል።

ድብርቱ ተመልሶ ይሆን? አንዳንድ ሰው ሲደበር ምግብ ይጠላል። ሌላው ደግሞ እንቅልፍና ጣፋጭ ያበዛል። ጠዋት አራት ሰዓት ድረስ ብርድ ልብስ ውስጥ፣ መጋረጃው ሳይከፈት፣ ስልክ ሳይነሳ፣ ማታ ዳቦ በሻይ። እንዲህ ሆናችሁ ኪሎ ከጨመራችሁ ይህ ስንፍና አይደለም። መታከም ያለበት ድብርቱ ነው። ዳይት ጀምሮ አለመቻል ደግሞ ሌላ ሐዘን ይጨምራል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ሐኪም።

ያቆማችሁት ምን ነበር? ፍሉኦክሰቲን መጀመሪያ አካባቢ የአንዳንድ ሰው ፍላጎት ይቀንሳል። ቶፒራሜትና ሜቲልፌኒዴትም እንደዚሁ። እነዚህ ሲቆሙ ረሃብ ወደ ቦታው ይመለሳል። የሚጠበቅ ነው፤ ከላይ የተናገርኩት የሳህን ነገር ይበቃል።

ለሴቶች ሁለት ነገር። ሪስፔሪዶንና ሃሎፔሪዶል ፕሮላክቲን የሚባለውን ሆርሞን ከፍ ስለሚያደርጉ የወር አበባ ሊያቆሙ ይችላሉ። መድኃኒቱ ሲቆም የመውለድ አቅም ይመለሳል። የመጀመሪያው የወር አበባ ሳይታይ እንኳ ማርገዝ ይቻላል። «ሆዴ ብቻ ገፋ» ያለችኝን ሴት መጀመሪያ የእርግዝና ምርመራ እንድታደርግ የምልካት ለዚህ ነው። ሁለተኛ፣ የሦስት ወሩ የወሊድ መከላከያ መርፌ ራሱ ኪሎ ሊጨምር ይችላል። ያን ከጀመራችሁ በኋላ ከሆነ ሌላ አማራጭ ስላለ ጠይቁ።

«ወፍሬ ሳይሆን አብጬ ነው የሚመስለኝ»

ቅልጥማችሁን በአውራ ጣት ለአሥር ሰከንድ ተጫኑት። ጣታችሁ ሲነሳ ጎድጉዶ ከቀረ ውሃ ነው፤ ስብ አይደለም። ልብ፣ ኩላሊት ወይም ጉበት መታየት አለበት።

ሊቲየም ትወስዱ ከነበረ ደግሞ ታይሮይድ ተመርመሩ። ሊቲየም የታይሮይድን ሥራ ሊያዳክም ይችላል። ብርድ አለመቻል፣ የሆድ ድርቀት፣ የፀጉር መርገፍ፣ የቆዳ መድረቅና ድካም አብረው ካሉ በደም ምርመራ ይታወቃል። በክኒን ይታከማል። ሳይታከም ግን እስፖርቱም ጾሙም ብዙ አያራምድም።

«ውሃ ይጠማኛል፤ ሌሊት ለሽንት እነሳለሁ»

ሳትውሉ ሳታድሩ የደም ስኳር ተለኩ። ቁርስ ሳይበላ ከ100 እስከ 125 ከሆነ ወደ ስኳር በሽታ እየተጠጋችሁ ነው። 126ና ከዚያ በላይ ከሆነና በድጋሚ ምርመራም ከተረጋገጠ የስኳር በሽታ ነው። ኦላንዛፒንና ክሎዛፒን ለዚህ ያጋልጣሉ፤ መድኃኒቱ ስለቆመ ብቻ ምርመራው አይቀርም። ወገባችሁንም በሜትር ለኩ። ወንድ ከ94፣ ሴት ከ80 ሴንቲ ሜትር ካለፉ ለሐኪም ይንገሩ።

«እጾማለሁ፤ ጾሙ ሲያልቅ ግን ጨምሬ እገኛለሁ»

ይህን በዐቢይ ጾም ማግስት በጣም እሰማለሁ። 55 ቀን ሥጋና ወተት ሳይቀመስ ኪሎ ይጨምራል። እስከ 9 ሰዓት የቆየ ሆድ ሲከፈት መጠን አያውቅም። የጾም ምግብ ደግሞ ዘይት ይወዳል፤ ድንች በዘይት፣ ዳቦ በሻይ፣ ሳምቡሳ፣ ቦምቦሊኖ። በረመዳንም ማታ ላይ ያው ነው። ሲፈታ መጀመሪያ ውሃ፣ ከዚያ ሾርባ ወይም ምስር ወይም ሽምብራ ይቅደም። እንጀራው ይከተል። ሽሮውን ወፈር አድርጉት፤ ዘይቱን ቀጠን። መድኃኒት ላይ ያለ ሰው ግን ክኒኑን ለጾም ብሎ ከመዝለሉ በፊት ከሐኪሙም ከንስሐ አባቱም ጋር ይነጋገር።

«የሚያቀጥን ሻይ አለ ብለውኛል»

አትጠጡት። ብዙዎቹ የሚያስቀምጡ ናቸው፤ የሚወጣው ውሃ እንጂ ስብ አይደለም። ሊቲየም ላይ ያለ ሰው ከተቀመጠ ውሃው ሲያልቅ መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ ከፍ ብሎ ሊመርዘው ይችላል። «ዕፅዋት ብቻ ነው» ተብለው በሚሸጡ ክኒኖች ውስጥ ሲቡትራሚን ተደብቆ ተገኝቷል። ሲቡትራሚን በ2010 እ.ኤ.አ. ለልብ አደገኛ ነው ተብሎ ከአሜሪካና ከአውሮፓ ገበያ የወጣ መድኃኒት ነው። አእምሮን የሚያነቃቃ ነገር ለታመመ ሰው ሌላም አደጋ አለው።

«በሳምንት ስንት ኪሎ ልቀንስ?»

ግማሽ ኪሎ በቂ ነው። ምንም ያልቀነሳችሁበት ሳምንትም ይኖራል። 80 ኪሎ የሆነ ሰው አራት ኪሎ ቢቀንስ ስኳሩና ግፊቱ ላይ ለውጥ ይታያል፤ የድሮ ሱሪው ባይገባውም እንኳ።

እንቅስቃሴ ስላችሁ ጂም ማለቴ አይደለም። በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ፣ ማለትም 30 ደቂቃ በአምስት ቀን። ከታክሲ ሁለት ፌርማታ ቀድሞ መውረድም ይቆጠራል። ከሕመም የተነሳ ሰው ብቻውን መውጣት ይከብደዋል። ቤተሰብ ሆይ፣ «ሂድ ተንቀሳቀስ» ከምትሉት ጫማችሁን አድርጋችሁ አብራችሁት ውጡ።

ሚዛን ላይ በየቀኑ አትውጡ። በሳምንት አንዴ፣ ጠዋት፣ ከሽንት በኋላ፣ ምግብ ሳይቀመስ። ፋርማሲ ያለውም ይሁን መንገድ ዳር ሚዛን ይዞ የሚቀመጠው ልጅ ጋ ያለው፣ ሁሌ አንዱ ላይ ብቻ ተመዘኑ። ሁለት ሚዛን ሁለት ቁጥር ይሰጣል፤ በማይረባ ነገር ትደነግጣላችሁ። ቀኑንና ቁጥሩን ጻፉ። ከጎኑ ስንት ሰዓት እንደተኛችሁ ጻፉ። ኪሎ ሳይታሰብ በፍጥነት ከቀነሰም እኩል ያሳስበኛል። ወረቀቱን ከሆስፒታል ካርዳችሁ ጋር አስቀምጡና በቀጠሮ ቀን ይዛችሁ ኑ።