ከአውድማ እስከ ክረምት፦ በመጽሐፍ ቅዱስ ጥበብ ለነገ እንዴት እንዘጋጅ?

ሰሜን ሸዋ ውስጥ እህል የሚረክሰው ታኅሣሥና ጥር ላይ ነው፤ የሚወደደው ሐምሌና ነሐሴ ላይ። ይህን የማያውቅ ገበሬ የለም። ሆኖም ጥር ላይ በርካሽ ሸጦ፣ ነሐሴ ላይ ያንኑ እህል በውድ የሚሸምት ቤት ሞልቷል። ለዚህ የሚያበቃው ስንፍና ብቻ አይደለም። የማዳበሪያ ዕዳው፣ ሠርጉ፣ ተዝካሩ፣ ሁሉም እህሉ ገና ከአውድማ ሳይነሳ ይመጣል።

መጽሐፍ ቅዱስ ስለ ትጋት ሲናገር ደጋግሞ የሚያነሳው ይህንኑ ሰዓት ነው። ምሳሌ 6 «አንተ ታካች፥ ወደ ገብረ ጉንዳን ሂድ» ይላል። ጉንዳኗ የተመሰገነችው ብዙ ስለደከመች ብቻ አይደለም። እህል ባለበት ወቅት ስለሰበሰበች ነው፤ ያውም አለቃና አዛዥ ሳይቀሰቅሳት። ዮሴፍም ግብፅን ያዳነው ረሃቡ ከገባ በኋላ በሠራው አይደለም። በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት በሠራው ነው። ለክፉ ቀን የሚዘጋጁት በደጉ ቀን ነው። ከዚህ በታች ያለው አካሄድ ሁሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። «ለነገ አትጨነቁ ተብሏል፤ ማቀድ እምነት ማጣት ነው» የሚሉ ደጋግ ሰዎች አሉ። ጌታ የከለከለው ጭንቀትን ነው። ትርፍ ዘይት ይዘው ሙሽራውን የጠበቁትን አምስቱን ቆነጃጅት ግን ልባሞች ብሏቸዋል። ደግሞ ነሐሴ ላይ ጎታው ባዶ የሆነበትን አባወራ ተመልከቱት። ከእሱ በላይ የሚጨነቅ ማን አለ?

1. ከመሸጣችሁ በፊት ቁጠሩ

ምሳሌ 27 የመንጋህን ሁኔታ አጥብቀህ እወቅ ይላል። እህልም እንዲሁ ነው። መውቃቱ እንዳለቀ፣ አንድም ኩንታል ገበያ ሳይወጣ፣ ባልና ሚስት ተቀምጣችሁ ጻፉት። የልጆች ደብተር ይበቃል።

ለምሳሌ አንድ ቤት 30 ኩንታል ስንዴ አገኘ እንበል። የዮሴፍ ምክር ከምርቱ አምስተኛው እጅ እንዲቀመጥ ነበር (ዘፍጥረት 41)። ስለዚህ 6 ኩንታል ለክፉ ቀን ይነሳል። አሥራት 3 ኩንታል ነው። ቤቱ በወር 80 ኪሎ ከፈጀ፣ ለዓመት ቀለቡ 10 ኩንታል ገደማ ይሆናል። ለዘር ደግሞ 1 ኩንታል ተኩል። ሲደመር 20 ኩንታል ተኩል። ለዕዳ፣ ለልብስና ለሌላው ወጪ የሚሸጠው 9 ኩንታል ተኩል ነው ማለት ነው። በእናንተ ቤት ቁጥሩ ሌላ ይሆናል። አምስተኛው እጅ የማይሞከር ከሆነ አሥረኛው ይሁን። ዋናው ነገር ለመጠባበቂያ የሚሆነው ቀድሞ መነሳቱ ነው። «ከተረፈ እናስቀምጣለን» ያለ ቤት ሲያስቀምጥ አላየሁም።

2. ዘሩን ከቀለቡ ለዩ

የግብፅ ሰዎች ረሃቡ ሲጠናባቸው ዮሴፍን የለመኑት እንጀራ ብቻ አልነበረም። እንድንኖር፣ ምድሪቱም ባድማ እንዳትሆን ዘር ስጠን አሉት (ዘፍጥረት 47)። ዘሩን የበላ ቤት ዝናብ ቢመጣለትም ባዶ እጁን ነው የሚያየው። ስለዚህ ዘሩን በሌላ ከረጢት አድርጉ፣ እሰሩ፣ ስሙንና ዓመቱን ጻፉበት። ከሌላው የተሻለውን፣ ውርጭ ያልነካውንና ፍሬው የሞላውን ምረጡ።

3. በደንብ አድርቁ፣ በደንብ አስቀምጡ

እዚህ ላይ ጊዜ ወስዳችሁ አንብቡ። ብዙ ቤት ቆጥሮ፣ ለይቶ፣ አስቀምጦ፣ በመጨረሻ የሚመግበው ነቀዝን ነውና።

ጤፍ ላይ ሐሳብ አይግባችሁ። ፍሬው ደቃቅ ስለሆነ ነቀዝ አይደፍረውም። የምንጃር ሰው ጤፉን ሳይቸገር የሚያቆየው ለዚህ ነው። የሚያስቸግሩት ስንዴ፣ ማሽላ፣ በቆሎ፣ ሽምብራና ባቄላ ናቸው።

መድረቁን ለማወቅ የቆየው ዘዴ በጥርስ መንከስ ነው። ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል፤ ከተጣበቀ ወይም ከተዳጠ ገና ነው። ከዚህ የተሻለ የጨው ዘዴ አለ። ንጹሕና ደረቅ የመስታወት ጠርሙስ ውሰዱ። ሲሶው ድረስ እህል ጨምሩበት። አንድ ሁለት ማንኪያ በጣም ደረቅ ጨው አክሉበት። ክደኑና አንድ ደቂቃ ያህል ደህና አድርጋችሁ ናጡት። ሩብ ሰዓት አስቀምጡትና ተመልከቱ። ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ እህሉ እርጥብ ነው፤ ፀሐይ ላይ መልሱት። ጠርሙሱ ንጹሕ ሆኖ ከታየ ለማስቀመጥ ደርሷል።

ከዚያ ማስቀመጫው። የእናቶቻችን ጎታ በጭቃና በእበት ተለስኖ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ የሚሠራው በምክንያት ነው። የቤት ወለል እርጥበት ወደ ላይ ይስባል። አዲስ እህል ከማስገባታችሁ በፊት ጎታውን ጠርጋችሁ አውጡት፤ የተሰነጠቀውን መርጉት። የአምናን ከዘንድሮ አትቀላቅሉ። አሁን ደግሞ ፒክስ የሚባለው ባለሦስት ንብርብር ከረጢት አለ። ከውስጥ ሁለት ላስቲክ፣ ከውጭ አንድ ማዳበሪያ ነው። እህሉን ሞልታችሁ፣ አየሩን በእጃችሁ ተጭናችሁ አስወጡ። እያንዳንዱን ንብርብር ለየብቻው ጠምዝዛችሁ፣ አጥፋችሁ እሰሩት። ውስጥ የቀረው ነቀዝ አየር አጥቶ ይሞታል፤ መድኃኒት አያስፈልግም። ግን ላስቲኩ ከተቀደደ ጥቅም የለውም። አይጥንም ተጠንቀቁ። «እስቲ እንየው» እያላችሁ በየሳምንቱ አትክፈቱት።

4. ድግሱን ተምኑት

ሉቃስ 14 ላይ ግንብ ሊሠራ የፈለገ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን ይቆጥራል። ምሳሌ 24 ደግሞ በሜዳ ያለውን ሥራህን አስቀድመህ አሰናዳ፣ ከዚያ በኋላ ቤትህን ሥራ ይላል። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። መጀመሪያ እርሻው።

እኛ ጋ ወጪውን የሚያፈርሰው ብዙ ጊዜ ግንብ አይደለም፤ ድግስ ነው። ጥር ላይ አንድ በሬ የሸጠ ሰው ሰኔ ላይ በሬ ይለምናል። ሐሳቤን ልናገር፦ ለተዝካርም ሆነ ለሠርግ ተብሎ የመጠባበቂያው እህል መነካት የለበትም። ከሚሸጠው ድርሻ የሚበቃ ከሆነ ይደገስ። የማይበቃ ከሆነ ድግሱ ይነስ። ለሟች ጸሎቱና ምጽዋቱ አይቀርበትም።

ደብረ ብርሃን ተቀምጦ በደመወዝ ለሚኖር ሰውም ነገሩ ያው ነው። የእሱ አውድማ ደመወዝ የገባበት ቀን ነው። በዚያው ቀን፣ ገና ገበያ ሳይወጣ፣ የመጠባበቂያውን ወደ ሌላ ሒሳብ ያዙር። ቃል ከተገባ ላለማጉደል የሚረዳው እቁብ ነው፤ ዕጣውን ግን ለምን እንደሚያውለው ከወዲሁ ይወስን። የመስከረም የትምህርት ወጪ በየዓመቱ እየመጣ እንደ ዱብ ዕዳ የሚያስደነግጠን ለምንድን ነው?

5. በአንድ ነገር ላይ አትንጠልጠሉ

መክብብ 11 ሀብትህን ለሰባት ደግሞም ለስምንት ክፈል ይላል፤ በምድር ላይ የሚመጣውን ክፉ አታውቅምና። ሸዋ ይህን በመከራ ተምሯል። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በነበረው ክፉ ቀን የከብት በሽታ በሬውን ፈጀው። በሬ ሲጠፋ እርሻ ቆመ፤ እርሻ ሲቆም ረሃቡ ገባ። ምኒልክ ራሳቸው መቆፈሪያ ይዘው መሬት እየቆፈሩ ለሕዝቡ አርአያ እስከ መሆን ደረሱ።

ደጋ ላይ ያላችሁ፣ የበልግ ገብስን ከመኸሩ ጋር አጣምሩ። አንዱን ውርጭ ቢወስደው ሌላው አለ። የመንዝ በግ ብርድ የሚችል ነው፤ ሁለት ሦስት በግ ነሐሴ ላይ የእህል መግዣ ይሆናል። ጅሩ ያለ ሰው በሬውን አድልቦ ይሸጣል። ሸዋ ሮቢት ያለው ማሾውንና ሽንኩርቱን ይዟል። ለሁሉም የሚሆን አንድ ቀመር የለም፤ በየቀበሌያችሁ ያለውን እዩ።

ደግሞ አመቺ ቀን እየጠበቃችሁ አትቅሩ። ያው መክብብ ነፋስን የሚጠባበቅ አይዘራም ይላል። ታካች በብርድ ምክንያት አያርስም የሚለውም ምሳሌ 20 ላይ አለ። በእስራኤል ምድር ዝናቡ የሚዘንበው በብርዱ ወራት ነውና፣ ብርድ የፈራ ሰው የእርሻው ጊዜ ያመልጠዋል። የእኛ ውርጭ የሚመጣው ዝናቡ ካበቃ በኋላ ነው። በኅዳር ሌሊት ብርድ ሰብሉን ሳይሰበስብ የሚተኛ ግን የዚያ ታካች ወንድም ነው።

6. ለጎረቤት የሚሆነውን አትርሱ

ሉቃስ 12 ላይ ጎተራውን አፍርሶ ትልቅ ሊሠራ ያሰበ ባለጠጋ አለ። እግዚአብሔር ሰነፍ አለው። ዮሴፍም ጎተራ ሞልቷል፤ እሱ ግን ጠቢብ ተባለ። ልዩነቱ ምን ላይ ነው? ባለጠጋው የሚያወራው ከነፍሱ ጋር ብቻ ነው፦ ብዪ፣ ጠጪ፣ ደስ ይበልሽ። ዮሴፍ ጎተራውን የከፈተው ለተራበው ሁሉ ነው። ዘሌዋውያን 19 ደግሞ የእርሻህን ዳር አጥርተህ አትጨድ፣ ለድኻና ለመጻተኛ ተወው ይላል። ስለዚህ ስትቆጥሩ ለዚህም አንድ ሁለት ቁና መድቡ። ክረምት ላይ ደጃችሁ የሚቆም ሰው አይጠፋም።

በአንድ ላይ መጠበቅም ይቻላል። መንዝ ጓሳን ተመልከቱ። ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ የአካባቢው ሰው በራሱ ሕግ፣ ቄሮ በሚባለው ሥርዓት፣ የጓሳውን ሣር ጠብቆ ኖሯል። አንዳንዴ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይዘጋና ሣሩ ሲደርስ ይከፈት ነበር። የአንድ ሰፈር ሰዎችም በእድራቸው በኩል የጋራ መጠባበቂያ እህል ቢጀምሩ አዲስ ነገር አይሆንባቸውም።

7. መቼ እንደሚከፈት ወስኑ

የማይከፈት ጎታም ጥፋት ነው። ሚያዝያ ላይ አንዴ፣ ሐምሌ ላይ አንዴ ቀለቡን ከደብተሩ ጋር አስተያዩ። ከታሰበው በላይ ካለቀ ያኔውኑ ቀንሱ፤ ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ። የመጠባበቂያውን ቀለቡ እስኪያልቅ አትንኩ። ጥቅምት አልፎ ኅዳር ሲገባ ማሳውን ዞራችሁ እዩ። ውርጭም በረዶም ሳይመታው ከደረሰ፣ የመጠባበቂያውን ግማሽ ሽጡ ወይም ለተቸገረ አበድሩ። የቀረውን አዲሱ ተወቅቶ ጎታ እስኪገባ አቆዩት። ከዚያ አሮጌው ይበላል፤ አዲሱ በቦታው ይቀመጣል።